አንድ በር ብቻ ያለው መንደር

«ዛሬ ሳቅሽ አጠረብኝ፣ ወይዘሮ ትርንጎ» አላት አጋፋሪ ዳምጤ፣ በር በሌለው ደጃፏ ላይ ቆሞ ጆሮውን በመዳፉ እያሰፋ። «ትናንት እኮ እስከ አጥሩ ይሰማ ነበር።»

«ገንፎው አንቆኝ ነው፣ አጋፋሪ።»

«ገንፎ ያነቀው ሰው ያስላል እንጂ ሳቁ አያጥርም።»

ትርንጎ ክው አለች። «ያስላል» የሚለውን ቃል በቤቷ ውስጥ ጮክ ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም። ወዲያው ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች፤ ከጎረቤት ጣሪያ ላይ ርግቦች እስኪነሱ ድረስ ሳቀች። አጋፋሪው ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ «ይህ ነው ጤና» ብሎ ወደሚቀጥለው ደጃፍ አለፈ።

ኮቴው ሲርቅ ወደ ጓዳ ሮጠች። ባሏ አንዳርጌ ከአልጋው ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ትራስ ነክሷል። ጀርባው ይርገፈገፋል፤ ድምፅ ግን የለም።

«ሄዷል» አለችው። «ሄዷል፣ ተንፍስ።»

አንዳርጌ ቀና አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ትራሱን ቀይሪልኝ» አለ። «ይህኛው ሳስቷል።»

*

ያን መንደር ለማያውቅ ሰው ይህን መንገር ያስፈልጋል።

መንደሩ ክበብ ነው፤ ነዋሪው ሁሉ አባል ነው። ዙሪያውን አጥር አለው፣ መሐሉ ላይ የተላጨ የመሰለ ሣር አለው። ከአጥሩ ውጭ ወንዝ አለ። ከወንዙ ወዲያ ያለው ደግሞ ማዶ ይባላል፤ ሌላ ስም የለውም። በክበቡ ውስጥ ሲያስል የተገኘ ሰው ወደ ማዶ ይሸኛል። ሲሸኝ ይጨበጨብለታል። ከዚያ በኋላ ስሙን የሚያነሳ የለም።

ቤቶቹ በር የላቸውም። ክበቡን የመሠረቱት ሰዎች ጤነኛ የሚደብቀው ምን አለ ብለው በሮቹን ሁሉ ነቃቀሉና ለእንፋሎት ቤቱ ማገዶ አደረጓቸው። ስለዚህ ሁሉም ሁሉንም ያያል። ጠዋት ሁሉም ደጃፉ ላይ ቆሞ ክንዱን ወደ ሰማይ ያነሳል። ቀትር ላይ ድስቶች ወደ ሣሩ ይወጣሉ፤ ክዳናቸው በአንድ ጊዜ ይከፈታል፤ አባላት እየዞሩ ያሸታሉ። ፊት ማጥቆር ሜዳ ላይ ቆሻሻ እንደ መድፋት ነው። ባልና ሚስት መጣላት ካማራቸው በሣሩ ዙሪያ በፍጥነት እየተራመዱ ይጣሉ፤ ያኔ ጠባቸው እንደ ስፖርት ይቆጠርላቸዋል።

ከእሳቱ አንድ በር ብቻ ተርፏል። የዋንዛ በር ነው፤ ከባድ፣ ማጠፊያው የሚያቃስት። በየዓመቱ በበር ቀን ጤነኛ ለተባለው ቤት ይሰቀልለታል። ሽልማት ነው፤ ከእሱ የሚበልጥ ሽልማት በክበቡ የለም። ያ ቤት ጀምበር ስትጠልቅ በሩን ይዘጋል፤ እስኪነጋ ማንም አያየውም፣ ማንም አያሸተውም፣ ሳቁንም የሚለካ የለም።

በዚያ ዓመት በሩ የተሰቀለው ከትርንጎ ግድግዳ ጋር የሚዋሰነው ቤት ላይ ነበር። የቤቱ ባለቤት ማንያህልሻል ትባላለች። ባሏ የሞተባት፣ ቀጥ ብላ የምትራመድ፣ ረጅም አንገት ያላት ሴት ነች።

*

ድው።

«ዘጋችው» አለች ትርንጎ።

«ማን?»

«ማን ይሆናል? በር ያላት ስንት ሴት አለች?»

«በሯ ነው፣ ትዝጋው።»

«በምን በለጠችኝ ነው የምልህ! ጎመኗ ከእኔ ጎመን ይሻላል? ጠዋት እጇን ስታነሳ ክርኗ ይታጠፋል፤ በዓይኔ ነው ያየሁት። አሁን ገብታ ምን እየሠራች ይመስልሃል?»

«ተኝታ።»

«ተኝታ! ቅቤ ነው የምታነጥረው። እግሯን ሰቅላ፣ ፊቷን አጥቁራ፣ ደስ እንዳላት።»

አንዳርጌ ሳቀ። ሳቁ መንገዱን ሳተና ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ፤ ትራሱን ፍለጋ ተንደረደረ። ትርንጎ ደጃፉን በጀርባዋ ሸፍና ቆመች፤ ለሚያልፈው ሁሉ እየሳቀች፣ እጇን እያወዛወዘች። ከኋላዋ የታፈነው ሳል ይመጣል፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ከጎኗ ደግሞ የተዘጋው በር ይታያታል። ያ በር የእሷ ቢሆን ኖሮ ባሏ ትራስ አይነክስም ነበር። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን አንጀቷን የሚያቃጥላት እሱ ብቻ አልነበረም። ባሏ ደህና በነበረ ጊዜም ያንን ድውታ በሰማች ቁጥር ደጃፏ ላይ ወጥታ በሩ ላይ ታፈጥ ነበር።

*

አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ ድስቶቹ ከተሸተቱ በኋላ፣ ማንያህልሻል በጎድጓዳ ሳህን ተልባ ይዛ መጣች።

«ፈገግ በይ» አለቻት፣ ራሷም ፈገግ እንዳለች። «እያዩን ነው። ባልሽ ሲያስል በግድግዳው በኩል ይሰማኛል።»

ትርንጎ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ልታመሰግኚን ነው፣ እትዬ?»

«ላመሰግናችሁ ብፈልግ አንቺ ዘንድ ምን አመጣኝ? ተልባውን ተቀበይኝ፤ ሳቂም። ባለ በር ማታ አንድ እንግዳ ማስገባት ይፈቀድለታል። ጀምበር ስትጠልቅ ላኪው። ገብቶ እንደ ሰው ያስልና ይመለስ።»

«አንቺ ምን ታገኛለሽ?»

ማንያህልሻል ሳህኑን አቀበለቻት።

«እኔ በሩን ስዘጋ ፊቴን አሳርፋለሁ» አለች። «ሌላ የማገኘው የለም። አንድ ሰው ቢያስል ፊቴ አይከፋውም።»

*

ስለ ምስጋናው ደግሞ እንዲህ ነው።

በክበቡ ውስጥ ሰው መክሰስ ክልክል ነው። ክስ ሐሞት ያፈላል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ስለዚህ በበር ቀን አባላት ተነስተው ጎረቤታቸውን ያመሰግናሉ። «የእነ እገሌ ቤት ምን ያለ ሰላም ነው፣ ፀሐይ ወጥታም አይነቁም» ይላል አንዱ፤ ሹማምንቱ ይሰማሉ። «ወይዘሮ እገሊት ድስቷ እንዴት ያውዳል፣ ቅቤው ነው መሰለኝ» ትላለች አንዷ፤ ሹማምንቱ ይሰማሉ። የተመሰገነው ሰው ተነስቶ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ይቀመጣል፤ ሲቀመጥ ጓዙን በሐሳቡ ይሸክፋል። ምስጋናው ፍሬ ያፈራለት አመስጋኝ፣ በሩ ለእሱ ቤት ይሆናል። እንዲህ የሚል ሕግ የለም። ግን ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሆነው።

በዚያ መንደር እናቶች ሕፃናትን ሲያስተኙ «ዝም በል፣ ያመሰግኑሃል» ይላሉ።

*

አንዳርጌ መሄድ ጀመረ።

ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ንጹሕ ሸሚዙን ይለብሳል፣ በግድግዳው ጥግ ዞሮ ይገባል። ድው። ትርንጎ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብላ ታዳምጣለች። የግድግዳው ነገር ግን እንግዳ ነበር፤ ከእሷ ወደዚያ ያሳልፋል፣ ከዚያ ወደ እሷ አያሳልፍም። ወይም ማንያህልሻል ጨርቅ ሰቅላበት ይሆናል። ምንም አይሰማም።

ሲመለስ ትከሻው ወርዶ፣ ፊቱ ለስልሶ ይመጣል። ገላውን የታጠበ ይመስላል።

«ምን ታደርጋላችሁ?» አለችው፣ በመጀመሪያው ሳምንት።

«አስላለሁ።»

«እሷስ?»

«እሷ ትቀመጣለች።»

«ካሳልክ በኋላስ?»

«ካሳልኩ በኋላ… ዝም እንላለን።»

«ዝም?»

«ዝም።»

ትርንጎ የያዘችውን ጭልፋ አስቀመጠች። ሌላ ነገር ቢላት ይሻላት ነበር። ከዚህ ሰው ጋር ስትኖር አንድም ቀን ዝም ብለው አያውቁም። በር በሌለው ቤት ዝም የሚሉ ባልና ሚስት የተኳረፉ ናቸው፤ የተኳረፉ ደግሞ የታመሙ ናቸው። ስለዚህ ሁልጊዜ ያወራሉ። ስለ ጎመን፣ ስለ አየሩ ጥራት፣ ስለ እግር ጣት አያያዝ። ዝምታውን ይዞ ሄዶ ለሌላ ሴት ሰጣት።

«ተልባ ሰጠችህ?» አለችው።

«ዝንጅብል። ማንዬ ዝንጅብል ነው የሚያለሰልሰው ትላለች።»

«ማን?»

*

በሚቀጥለው ቀን በሣሩ ዙሪያ እየተራመዱ ተጣሉ።

«ፈጠን በል፣ እያዩን ነው።»

«መፍጠን እንደማልችል ታውቂያለሽ።»

«እሷ ዘንድ ለመሄድ ግን ትፈጥናለህ። — እንደምን ዋላችሁ! እኛም ደህና! — ደጃፏ ስትደርስ አረማመድህ ሁሉ ይለወጣል።»

«ሳሉ ስለሚመጣብኝ ነው!»

«ቀስ! ማንዬ ብለሃታል።»

«ስሟ ረጅም ነው፣ ትርንጎ። ትንፋሽ ይጨርሳል።»

«እኔን ትርንዬ ብለኸኝ ታውቃለህ?»

«ያንቺ አጭር ነው።»

አጋፋሪ ዳምጤ ከዛፍ ጥላ ሥር ብቅ አለ። እሱ ሲቀመጥ ያየው ሰው አልነበረም።

«ጥሩ ፍጥነት ነው!» ብሎ ጮኸ። «ምነው ባልየው ወደ ኋላ ይቀራል?»

«እያስቀደመኝ ነው፣ አጋፋሪ!» አለች ትርንጎ፣ ጥርሷን ሁሉ አሳይታ። «አክብሮኝ!»

አጋፋሪው በጣም ተደሰተ። አንዳርጌ ከንፈሩን ነክሶ፣ ደረቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ክንዱን የሚያፍታታ መስሎ አለፈው።

«ከእንግዲህ አትሂድ» አለችው ከዞሩ በኋላ። «በትራሱ እንሞክረው።»

«ትራሱ ይገድለኛል።»

«እኔስ?»

አንዳርጌ ትንፋሹን እያጠራቀመ ነበር፤ ጀምበሯ ገና ሩቅ ነበረች።

*

የበር ቀን ደረሰ።

የክበቡ አባላት በሣሩ ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። የጤና አባት የሚባሉት ሽማግሌ ከፍ ባለ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከመናገራቸው በፊት ሁልጊዜ አንድ ጉንጭ ውሃ ይጠጣሉ፤ እሳቸው ሲውጡ ሕዝቡ በሙሉ አብሮ ይውጣል። ይህ ለጉሮሮ ጥሩ ነው ይባላል።

ሽማግሌው ዋጡ። ሕዝቡ ዋጠ።

«አመስግኑ» አሉ።

አንድ ወፍራም ሰውዬ ተነሳና የጎረቤቱን ልጆች ጨዋነት አመሰገነ፤ በጧቱ እንቅስቃሴ ጊዜ እንኳ ንቅንቅ አይሉም አለ። የልጆቹ አባት «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ተቀመጠ። ሚስቱ እጁን ፈልጋ ያዘችው።

ትርንጎ ስለ ማንም ክፉ ልታስብ አልመጣችም ነበር። ስለ ሣሩ ልምላሜ ልታመሰግን አስባለች፤ የሣር ምስጋና ማንንም አይጎዳም። ከጎኗ አንዳርጌ፣ ከአንዳርጌ ወዲያ ማንያህልሻል ተቀምጠዋል። የአንዳርጌ ደረት ከፍ ዝቅ ማለት ሲጀምር አየች። ሕዝብ በተሰበሰበበት ሊያስል ነው። እጇን ወደ ኪሷ ሰደደች፤ ኪሷ ውስጥ ምንም አልነበረም።

ማንያህልሻል ፊት ለፊት እያየች እጇን ዘረጋች። መዳፏ ላይ የተላጠ ዝንጅብል አለ። አንዳርጌም ፊት ለፊት እያየ ተቀበላትና አፉ ውስጥ አደረገው። አልተያዩም። ቀኝ እጅ ከግራ እጅ ዕቃ እንደሚቀበል ነው የተቀበላት።

ትርንጎ ተነስታ ቆማ ነበር። መቼ እንደተነሳች አላወቀችም።

«ማንያህልሻልን ላመሰግን ነው» አለች።

ሹማምንቱ ቀና አሉ።

«ደግ ናት። በር ሰጠናት፤ እሷ ግን በሩን ለራሷ ብቻ አትዘጋውም። የሚያስል ሰው ቢኖር እንኳ አስገብታ፣ ዘግታ፣ በሰላም እንዲያስል ታደርገዋለች። እንዲህ ያለ ደግነት የት ይገኛል?»

ሣሩ ላይ ነፋስ አለፈ። የጤና አባት ውሃቸውን ጠጡ፤ አብሯቸው የዋጠ ሰው አልነበረም።

«ምስጋናሽን አስፊልን፣ ልጄ» አሉ። «ደግነቱ ለማን ተዋለ?»

በሐሳቧ ምስጋናው የሚያልቀው በሩ ሲነቀል ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አልደረሰችበትም። ወደ ባሏ ዞረች። አንዳርጌ ሁለት እጁን ሣሩ ላይ ተክሎ ሊነሳ ነው።

ማንያህልሻል ቀደመችው።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ትርንጎ» አለች። «የምታስለው እኔ ነኝ።»

ከዚያም አሳለች። አፏን አልሸፈነችም። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፤ በረጅሙ መጨረሻ ላይ ደግሞ ትንሽ ፉጨት የመሰለ ነገር። ትርንጎ ሁለቱን አጭሮች አወቀቻቸው፣ ረጅሙንም አወቀችው። ፉጨቱን ግን ሰምታው አታውቅም። ትራሱ ነበር ያን የሚያስቀርባት።

ሕዝቡ አጨበጨበ።

*

አራት ሰዎች በሩን ከማንያህልሻል ቤት ነቅለው በግድግዳው ጥግ ዞረው አመጡት። ማጠፊያው በየእርምጃቸው ያቃስታል። የትርንጎን ደጃፍ ለኩ፣ መዶሻ መቱ፣ ሰቀሉት። ልክ ሆነ። ሁሉም ቤት አንድ ልክ ነው።

የተሰቀለ በር በሕዝብ ፊት አንድ ጊዜ መዘጋት አለበት። በዚያች ሰዓት ውስጥ ያለ የቤቱ ሰው ነው፤ ውጭ የቀረ አይደለም።

ትርንጎ ከውስጥ ቆማ የበሩን ጠርዝ ያዘች። እንጨቱ ለስላሳ ነበር፤ የሌላ ሴት እጅ ነው ያለሰለሰው። በማንያህልሻል ደጃፍ ላይ ባዶ ቀዳዳ ቀርቷል። ከፊቱ ማንያህልሻል ትንሽ ጓዝ አጠገቧ አድርጋ ቆማለች፤ አጋፋሪ ዳምጤ ወደ ወንዙ ሊሸኛት ክንዷን ይዟል።

አንዳርጌ በሁለቱ ደጃፎች መካከል፣ ሣሩ ላይ ነበር።

«ግባ እንጂ» አለው አጋፋሪው። «በር እየጠበቀህ እኮ ነው፣ የታደልክ!»

አንዳርጌ ጎንበስ ብሎ የማንያህልሻልን ጓዝ አነሳ።

«እስከ ወንዙ ልያዝላት።»

«በሩ ሁለተኛ ጊዜ አይጠብቅም» አሉ የጤና አባት፣ ሰዎች ከነወንበራቸው እንደተሸከሟቸው።

«አንዳርጌ» አለችው ትርንጎ። ሕዝቡ እያየ ስለሆነ ፈገግ ብላለች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ግባ። ገብተህ አስል። እንደፈለግህ አስል፤ እኔም ዝም እላለሁ። ዝም ማለት እችላለሁ እኮ።»

እሱ ቆመ። ጓዙ በእጁ ነው።

«ግባ» አለችው ማንያህልሻልም። ፊቷ በቀን ብርሃን፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ዐርፎ ነበር። «ሚስትህ ትጠራሃለች።»

ትርንጎ ያን ፊት አየች። ባሏ በየማታው የሚያየው ይህንን ነበር። ውብ አልነበረም። የደከመ የሰው ፊት ነው።

«መጣሁ» አለ አንዳርጌ።

ለማን እንዳለ ግን አልታወቀም፤ ወደ አንዷም አልዞረም። ደረቱ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ። ዝንጅብሉን ከአፉ አውጥቶ ሣሩ ላይ ጣለው። ከዚያም በክበቡ መሐል፣ አፉን ሳይሸፍን፣ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ በመጨረሻውም ፉጨቱን ጨምሮ፣ ሙሉውን አሳለ።

የሚያጨበጭቡት እጆች አየር ላይ ቀሩ። አጋፋሪ ዳምጤ መዳፉን ወደ ጆሮው ወሰደ።

«በሩ ይዘጋ!» አሉ የጤና አባት፣ ውሃ ሳይጠጡ።

ትርንጎ ከውስጥ ጠርዙን እንደያዘች፣ አንዳርጌም ከነጓዙ ሣሩ ላይ እንደቆመ ነበር። ማጠፊያው አቃሰተ።

ድው።